ነጭ የቀረው ጥግ

እህቴ ከምዘናው እንድነሳላት ደብዳቤ ጻፈች። የምዘና ኮሚቴው ሰብሳቢ ጠዋት ቢሮው ጠርቶ አነበበልኝ፤ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ፣ እያንዳንዱን ቃል እያጣጣመ። ነገር የሚወድ ሰው ነው። «ገምጋሚዋ በእኔ በእናቷ ላይ የቆየ የግል ቂም ያላት በመሆኑ፣ ልጄን በትክክል ትመዝናለች ብዬ አላምንም» ይላል። ከታች ፊርማዋ አለ። ፊርማዋ ከልጅነቷ ጀምሮ አልተለወጠም፤ ዛሬም መጨረሻውን እንደ ድመት ጅራት ትጠመዝዘዋለች።

«ምን ትያለሽ?» አለኝ።

«ቂም አላት ማለቷ ልክ ነው» አልኩት። «በትክክል አትመዝንም ያለችው ግን ቅጥፈት ነው።»

«እንግዲህ ቂምም ይኑርሽ ሌላ፣ ያለሽኝ አንቺው ነሽ። አንደኛው ገምጋሚ ታሞ ተኝቷል፣ ሌላው ከአገር ወጥቷል። ብቻ አደራ፣ ስም አታሰድቢኝ።»

ሥራዬ ይሄ ነው፤ ቴኒስ ተጫዋቾችን እመዝናለሁ። ሃምሳ ነጥብ ለችሎታ፣ ሃምሳ ለታክቲክ። በችሎታው ሰርቩን፣ ምቱን፣ የእግር ሥራውን አያለሁ። በታክቲኩ ደግሞ ልጅቷ ኳሱን የት እንደምትልክ፣ ለምን እዚያ እንደምትልክ፣ ስትጨነቅ ምን እንደምታደርግ። ልጆቹ ከኋላዬ «ምላጭ» ይሉኛል። ያልሰማሁ ይመስላቸዋል። እኔ እንዲያውም ደስ ይለኛል፤ «እትዬ ማር» ከሚሉኝ ምላጭ ቢሉኝ እመርጣለሁ።

በዚያ ሳምንት አሥራ ስድስት ልጃገረዶች ተመዝነው አራቱ ለሁለት ዓመት ወደ ማሠልጠኛ ማዕከል መግባት ነበረባቸው። የሦስቱ ጉዳይ አልቋል። ለአራተኛዋ ቦታ የቀሩት ሁለት ናቸው፤ አንዷ የአንዲት ፋርማሲስት ልጅ፣ ምቷ ጠንካራ፣ ሐሳቧ ሰነፍ። ሌላዋ የእህቴ ልጅ። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ አንድ ቦታ ቆማ ስለማታውቅ «ፌንጣ» ነው የሚሏት። እናቷ ናት የምታሠለጥናት። ከዚህ ምዘና በኋላ ዕድሜዋ ስለሚያልፍ ሌላ ዕድል የላትም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ እሷም፣ እናቷም፣ እኔም።

ወደ ሜዳው ስሄድ እህቴ የሽቦ አጥሩ በር ላይ ቆማለች። ስታየኝ ፊቷን ሎሚ እንደመጠጠ ሰው አኮማተረችው።

«ደብዳቤዬ ደረሰሽ?» አለችኝ።

«ደረሰኝ። የፊደል ግድፈት አለበት።»

«እንደ ልብሽ ተመጻደቂ። ዛሬ ግን ሰው ሁሉ ነው የሚያይሽ።»

በአሥራ ሦስት ዓመት ውስጥ ፊት ለፊት የተነጋገርነው የመጀመሪያው ነገር ይሄ ነበር። እስከዚያ ድረስ የምንነጋገረው በእማዬ በኩል ነው። እሁድ እኔ እሄዳለሁ፣ ሐሙስ እሷ ትሄዳለች፤ እንዳንገናኝ ቀን ተካፍለናል። እማዬ እሁድ በመጣ ቁጥር «እህትሽ ሰላም ብላሻለች» ትለኛለች። ሐሙስ ደግሞ ለእሷ እንደዚያው ትላታለች። ማንም ማንንም ሰላም ብሎ አያውቅም፤ እማዬ ከኪሷ ነው የምታወጣው።

ነገሩ የተበላሸው እንዲህ ነው። እኔና እህቴ ጥንድ ሆነን ስምንት ዓመት ተጫውተናል። ያየን ሁሉ እጅና ጓንት ይለን ነበር። እኔ ታላቅ ነኝ፣ ጉልበቱ የእኔ ነበር፤ እሷ ታናሽ ናት፣ ዓይኑ የእሷ ነበር። በኋላ እሷ የቡድኑ አምበል ሆነች። አምበል በየሳምንቱ የእያንዳንዱን ተጫዋች ሁኔታ ለአሠልጣኙ ጽፋ ታስገባለች። አንድ ቀን አሠልጣኙ ስለ እኔ የጻፈችውን ፊት ለፊቴ አነበበው። «ወደ ቀኝ አትሮጥም» ይላል። ትልቁ ውድድር ሊጀመር አሥር ቀን ሲቀረው ከቡድኑ ወጣሁ። ሐኪሞች ጉልበቴን ከፈቱት፣ ያዩትን አይተው ዘጉት። ከዚያ በኋላ ሜዳ የገባሁት እርሳስና ወረቀት ይዤ ነው።

በሦስት ቃል ቀበረችኝ። ይህን ለማን አልነገርኩም! ለጎረቤት፣ ለጥርስ ሐኪም፣ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ ለተቀመጠ ሰው ሳይቀር። የሰሙኝ ሁሉ ከንፈራቸውን መጠውልኛል። «በገዛ እህትሽ!» ይሉኛል። «በገዛ እህቴ» እላቸዋለሁ።

እንግዲህ በዚህ አንጀት ነው ወንበሬ ላይ የተቀመጥኩት። እርሳሴን እንደ መርፌ ቀርጬዋለሁ። ልጅቷን ላዋርዳት አልነበረም ሐሳቤ፤ አንዲት ቀዳዳ ብቻ ላገኝባት ነበር፣ እውነተኛ ቀዳዳ፣ እናቷ ደብዳቤ ጽፋ የማትደፍናት።

የአመዛዘን ዘዴዬን ልንገራችሁ፣ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከእሱ ነው። ለእያንዳንዷ ተጫዋች የሜዳው ግማሽ የተሣለበት ወረቀት አለኝ። ልጅቷ ኳስ በመታች ቁጥር ቆማ የመታችበት ቦታ ላይ ነጥብ አደርጋለሁ። ጨዋታው ሲያልቅ ወረቀቱን ያየ ሰው ልጅቷ ሜዳው ውስጥ የት የት እንደዋለች ያያል። ደካማዋ ከሜዳው ውጭ ተበትና ትገኛለች፣ ጠንካራዋ መሃል ላይ ትከማቻለች። ይህን ዘዴ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ዛሬ ገምጋሚ ሁሉ ይጠቀምበታል፤ አንድም ሰው አላመሰገነኝም።

ጨዋታው ተጀመረ። ፌንጣ ሰርቭ አደረገች፤ ኳሷ መስመሩን ላሰችው። ጥሩ ነው። ሁለተኛውም ጥሩ ነው። ግንባሯ የእናቷ ነው፤ ስትናደድ መሃሉ ላይ አንድ መስመር ይወጣል። እሱን እያየሁ ደሜ ፈላ፣ ግን ሰርቩ ሰርቭ ነው፣ ምን ላድርግ፤ አሥር ከአሥር ሰጠኋት።

ከዚያ የኳሶቿን አካሄድ አየሁ። ሁሉንም ወደ ፋርማሲስቷ ልጅ ግራ ነው የምትልከው። ግራ፣ ግራ፣ አሁንም ግራ። የዚያች ልጅ የግራ ምት ደካማ ነው፤ ከዚያ ጥግ የምትመልሰው ኳስ ደግሞ ሰያፍ ይዞ ወደ ፌንጣ ግራ ይመጣል። ፌንጣም እዚያ ትጠብቀዋለች። ትመታዋለች፣ መልሳ ወደ ግራ። የፋርማሲስቷ ልጅ ግራ ጎኗ ውሎ አበሉ ሳይከፈለው እንደሚሠራ ሠራተኛ አለከለከ።

«አየሽልኝ?» አለ አጠገቤ የተቀመጠው ሰብሳቢ፣ በክርኑ እየጎሰመኝ።

«ዓይን አለኝ» አልኩት።

«በስንት ዓመቴ ታክቲክ አየሁ በይኝ! ወረቀትሽን እስቲ፤ ይኸው! ወደ ቀኟ ጥግ አንድም ጊዜ አልሄደችም። ያቺ ወደዚያ እንድትልክ ዕድል አልሰጠቻትም እኮ! ያ ጥግ ነጭ ነው።»

እውነቱን ነው። ወረቀቱ ላይ ግራው ጠቁሯል፣ መሃሉ ጠቁሯል፣ የቀኙ ጥግ ግን ከፋብሪካ እንደወጣ ንጹሕ ነው። እኔ ግን አንድ ነገር ኮረኮረኝ። ልጅቷ ስትቆም ከመሃል አንድ እርምጃ ወደ ቀኝ ተጠግታ ነው። ኳሱ ሁሉ በግራ እየመጣ ወደ ቀኝ መጠጋት ምን ይባላል? ግራዋን ሆን ብላ ክፍት ትታለች፤ እዚያ ላይ ላኩልኝ እንደ ማለት። ድፍረት ነው ብዬ አለፍኩት፤ ለድፍረቱም ነጥብ ሰጠኋት፣ ጥርሴን ነክሼ።

አራተኛው ጌም ላይ የፋርማሲስቷ ልጅ ኳሷ ከራኬቱ ጠርዝ ተንሸራታ ወደ ፌንጣ ቀኝ ሄደች። ዝግ ያለች፣ የደከመች ኳስ ናት፤ ፌንጣ ቀርታ እማዬም ትደርስባታለች። ፌንጣ አንድ እርምጃ ሄደችና ቆመች። ኳሷ ሁለቴ ነጥራ አጥሩን ነካች። ፌንጣ ፈገግ አለች፣ በመዳፏ የራኬቷን ክር መታ መታ እያደረገች አጨበጨበችና «ጥሩ ኳስ!» አለቻት።

ተመልካቹ በሙሉ ለፌንጣ አጨበጨበ። «ጨዋ ልጅ!» አለ ሰብሳቢው። ዞር ስል እህቴ ጣቶቿን ሽቦው ውስጥ አስገብታ እንደ መብራት ታበራለች። እንደዚህ ያለች ጨዋ ልጅ የወለድኩ እኔ ነኝ ይላል ፊቷ። እኔ ወረቀቴ ላይ ምንም አላሰፈርኩም። ዘዴዬ የሚመዘግበው የተመታ ኳስ ብቻ ነው፤ ያልተመታ ኳስ ነጥብ የለውም።

ሰባተኛው ጌም ላይ እንደገና። አንድ ኳስ ወደ ቀኝ፣ አንድ እርምጃ፣ ፈገግታ፣ ጭብጨባ። ሜዳ ሲቀያየሩ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ አሰረች። የቀኙን ብቻ። አስቀድሞም የታሰረ ነበር፤ ፈታችና መልሳ አሰረችው፣ ቀስ ብላ፣ ጉልበቷን በክንዷ ደግፋ።

እርሳሴ ቆመ። ያንን ማጨብጨብ የፈጠርኩት እኔ ነኝ።

የታመመ ጉልበት መሮጥ ይችላል። የማይችለው ሮጦ መቆም ነው። ወደ ቀኝ ጥግ ሮጠህ፣ ቀኝ እግርህን ተክለህ፣ ገላህን በሙሉ እዚያ ላይ አስቁመህ ስትመታ፣ ውስጡ የተላጠ ጉልበት ምን እንደሚል እኔ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ኳሱ ወደዚያ እንዳይመጣ ሁሉን ወደ ባላጋራህ ግራ ትልካለህ። እንዳትሮጥ አስቀድመህ ወደ ቀኝ ትጠጋለህ። አምልጦ ከመጣ ደግሞ እንደ ጨዋ ሰው ታጨበጭብለታለህ፤ ጨዋነትን ማን ይመረምራል? ጨዋታው በቆመ ቁጥር ማሰሪያ ታስራለህ፣ ጉልበቱ ትንሽ እንዲያርፍ። እኔ ይህን ሦስት ወር ተጫውቼዋለሁ። አሠልጣኙን ሸውጃለሁ፣ ጋዜጠኛውን ሸውጃለሁ። ያልሸወድኳት አንዲት ሰው ብቻ ናት።

ፌንጣ ስድስት ለሦስት አሸነፈች። ሰብሳቢው ተነሥቶ አጨበጨበ፤ እንዲህ ሲያደርግ አይቼው አላውቅም።

ልጅቷን ልብስ መቀየሪያው ጀርባ፣ ቧንቧው አጠገብ አገኘኋት። ጫማዋን አውልቃ፣ እርጥብ ፎጣ ጉልበቷ ላይ ጥላ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። ስታየኝ ፎጣውን ገፋ አድርጋ እግሯ ላይ የነበረ በማይመስል ቦታ አስቀመጠችው።

«ቁጢጥ በይ» አልኳት።

«አቤት?»

«ቁጢጥ በይና ተነሺ። አንዴ ብቻ።»

«እርስዎ ሐኪም ነዎት?»

«አንቱ አትበይኝ፣ አክስትሽ ነኝ።»

«አክስቴ አንድም ቀን ሰላም ብላኝ አታውቅም። እርስዎ ገምጋሚ ነዎት።»

ምላሷም የእናቷ ነው። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት።

«ምኑ?»

«ጉልበትሽ።»

በሩን አየች፤ ማንም የለም። ግንባሯ ላይ ያ መስመር ወጣ። «ማን ነገረዎት?»

«አንቺ። ስታጨበጭቢ።»

እንባዋ መጣ፤ የንዴት እንባ ነው፣ በእጇ ጀርባ እየጠራረገች ነው የምትናገረው። «አንድ ወር ሆነው። እናቴ አታውቅም፤ ልምምድ ላይ ጥርሴን ነክሼ እሮጣለሁ። እንዲያርፍ ሁለት ሳምንት ብቻ ነው የሚያስፈልገኝ። ከተመረጥኩ በኋላ አሳርፈዋለሁ።»

ከተመረጥኩ በኋላ አሳርፈዋለሁ። ልክ እንደዚህ ነበር ለራሴ ያልኩት።

«ጭብጨባውን ከየት አመጣሽው?»

«ከእርስዎ ነዋ! እናቴ የድሮ ቪዲዮዎች አሏት። እንደ እሷ ቁሚ፣ እንደ እሷ ምቺ እያለች ነው ያሳደገችኝ። ያጨበጭቡ ነበር። እዚያ ላይ ደስ የሚል ሰው ይመስላሉ።»

ተበሳጨሁ። «ያኔም ደስ የምል ሰው አልነበርኩም፤ አሞኝ ነበር» አልኳት።

ጫማዋን አነሣች፣ ማሰሪያውን ሳታስር እግሯን ከተተች። «ይህን ከጻፉ» አለችኝ፣ ዓይኔን እያየች፣ «ዕድሜ ልኬን አልረሳልዎትም።»

«እንደማትረሺ አውቃለሁ» አልኳት። ከዚህ የበለጠ የማውቀው ነገር የለኝም።

ወደ ቢሮው ስወጣ እህቴ ኮሪደሩ ላይ ደረሰችብኝ። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«ከልጄ ጋር ምን ስትንሾካሾኪ ነበር?»

«ሐኪም አሳዪያት። ቀኝ ጉልበቷን።»

«ጀመርሽ!» አለች፣ እጇን አጨብጭባ። «ጀመርሽ! ሜዳ ላይ ቀዳዳ ብታጪባት ጉልበቷ ውስጥ ገባሽ! ያንቺ ስለተሰበረ የሰው ሁሉ ጉልበት ይሰበር?»

«አንቺ ልጅ፣ ስሚኝ...»

«አልሰማሽም! ስለ ጉልበት ደግሞ ለእኔ ልትነግሪኝ? ያንቺን ከራስሽ በፊት ያወቅኩት እኔ አይደለሁ?»

«ያኔ ዓይንሽ ይሠራ ነበር» አልኳት። «አሁን ለልጅሽ ሲጨበጨብላት እያየሽ ታውረሻል።»

በጥፊ የምትለኝ መሰለኝ። እጇ ተነሥቶ መሃል መንገድ ላይ ቀረ። «እናቴን ብዬ ነው እንጂ» አለችና ጥላኝ ሄደች። ምን ልታደርገኝ እንደነበር አልጨረሰችውም። በቃል የሚያልቅ ነገር እንዳልሆነ እዚያው ገባኝ። እኔ ብምላት አታምነኝም፣ ልጅቷ ብትጠየቅ ትክዳለች።

ሰብሳቢው ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቷል። ለታክቲክ አርባ ስምንት ከሃምሳ ጽፎላት እርካታው ከፊቱ ይነበባል። «ያንቺን ጻፊና እንጨርሰው» አለኝ። «ይሄ ነጭ ጥግ ብቻ አሥር ነጥብ ያወጣል።»

ቅጹ ላይ ከነጥቡ በታች «ጤና» የሚል ዓምድ አለ። ሁልጊዜ ባዶ ነው የሚቀረው። ገምጋሚ እዚያ ላይ አንዲት ነገር ካሰፈረ ልጅቷ ሐኪም ሳያያት አትመዘገብም። ምዝገባው ደግሞ በማግስቱ ጠዋት ይዘጋል። መጻፍ ማለት ቦታውን ለፋርማሲስቷ ልጅ መስጠት ነው።

አሁን የምናገረውን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። እርሳሱን ይዤ ቁጭ ብዬ አንድ ሐሳብ መጣልኝ፣ ጣፈጠኝም። ሃምሳ ከሃምሳ ብሰጣትስ? ጤናውን ባዶ ብተወውስ? እህቴ ደብዳቤዋን ትውጣለች፤ ሰው ሁሉ «ምላጭ በትክክል መዘነች» ይላል። ልጅቷ ትገባለች፣ ትሮጣለች፣ አንድ ቀን አንድ ጥግ ላይ ጉልበቷ ይጮኻል። ያን ቀን እህቴ የኔን አሥራ ሦስት ዓመት በልጇ ታየዋለች። የኔ እጅ ንጹሕ ነው። ማንም አይደርስብኝም። እንዲህ ያለ በቀል ፈልጎ የሚገኝ አይደለም፤ እጄ ላይ መጥቶ ወድቋል።

ሃምሳ ብዬ ጻፍኩ። እውነቴን ነው፣ ጻፍኩት። ቁጥሩ ወረቀቱ ላይ ቁጭ አለ።

መስኮቱ ወደ ውጭው ደረጃ ነው የሚያሳየው። ቀና ስል እህቴ እየወረደች ነው። ስልክ ታወራለች፣ ነጻ እጇን እያወናጨፈች ትስቃለች፤ ለእማዬ መሆን አለበት፣ «አለፈች በያት» ዓይነት ሣቅ ነው። ከኋላዋ ልጅቷ ሁለት ቦርሳ ተሸክማ ትከተላለች። ማንም የሚያያት አልመሰላትም። የብረት መደገፊያውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ደረጃውን በጎኗ ነው የምትወርደው። አንዱን እግር፣ ከዚያ ሌላውን አጠገቡ። እንደገና አንዱን። እህቴ ወደ ኋላ አልዞረችም።

እኔ ደረጃ የምወርደው እንደዚያ ነው። አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ሰው አይቶ እንዳይስቅብኝ ሕንፃው ባዶ እስኪሆን ድረስ ቢሮ ውስጥ የማልሠራውን ሥራ እየሠራሁ እቆያለሁ። ልጅቷ አሥራ ሰባት ናት።

ደግ ሆኜ አይደለም። ያንን አወራረድ ሌላ ሰው ላይ ማየት አልቻልኩም፣ እሱ ነው ነገሩ። ሃምሳውን አልሰረዝኩትም፤ ይገባታል፣ እንደዚያ አድርጎ ሕመም የሚደብቅ ታክቲክ እኔም አልነበረኝም። ወደ ታች ወርጄ ጤና የሚለው ዓምድ ላይ «ወደ ቀኝ አትሮጥም» ብዬ ጻፍኩ። እጄ ግን እዚያ ላይ አልቆመም። «ጉልበቷ ይታይ» ብሎ ጨመረ።

ጽፌ ስጨርስ ወረቀቱን አየሁትና ጆሮዬ ጋለ። ያኔም አሠልጣኙ ያነበበው ሦስት ቃል ብቻ አልነበረም። አምስት ነበሩ። «ወደ ቀኝ አትሮጥም። ጉልበቷ ይታይ።» አንብቦ ሲጨርስ ወረቀቱን እንኳን አዙሮ አሳይቶኛል፤ መጨረሻው ላይ ያ የድመት ጅራት ነበረበት። ለጎረቤቱም፣ ለጥርስ ሐኪሙም፣ ታክሲ ውስጥ ለተቀመጠውም ሰው ሦስተኛው ቃል ላይ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ሲቆይ ለራሴም እዚያው ላይ ቆረጥኩት።

ሰብሳቢው ወረቀቱን ስቦ አነበበ። መነጽሩን አወለቀ። «ሃምሳ ሰጥተሽ ጣልሻት? ቂም ነው ይላሉ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም እላለሁ።»

«በልና ፈርም» አልኩት።

በማግስቱ ስሟ ሳይኖር ዝርዝሩ ተለጠፈ። እህቴ ቢሮ መጥታ ያልሰደበችኝ ስድብ የለም። በር ዘግቼ አዳመጥኳት፤ አብዛኛው ልክ ነበር። የቅጹን ቅጂ ግን ወስዳ ልጅቷን ሐኪም ቤት አስገባቻት፣ ውሸቴን ልታጋልጥ። ሐኪሙ የጉልበቷ ልም አጥንት ግማሽ ድረስ ተቀዷል አለ። ስድስት ወር ካረፈች ሳይከፈት ይድናል፤ ሌላ አንድ ወር ሮጣበት ቢሆን ግን ቴኒሱን ተዪው፣ ደረጃውንም በቅጡ አትወርድም ነበር አለ። ይህን የነገረችኝ እማዬ ናት፣ እሁድ ዕለት። ነግራኝ ስታበቃ «እህትሽ...» ብላ ጀመረችና ተወችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰላምታ ከኪሷ አላወጣችም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ፌንጣን ሜዳው ዳር አየኋት። ጉልበቷ ታስሯል፣ ክራንችዋን አግዳሚው ላይ አስደግፋ ለጓደኞቿ ትተርካለች። እኔ ከአጥሩ በስተጀርባ እያለፍኩ ነው።

«ምን ብላ ጻፈች መሰላችሁ?» ትላለች። «‹ወደ ቀኝ አትሮጥም።› በቃ። በሦስት ቃል ቀበረችኝ።»

«በገዛ አክስትሽ!» አሏት ልጆቹ።

«በገዛ አክስቴ» አለች።

ዞሬ «አምስት ናቸው!» ብዬ ልጮኽባት አፌ ድረስ መጣ። ዋጥኩት። ብጮኽም አትሰማኝም፤ እኔም ያኔ አልሰማሁም።

ቢሮ ገብቼ በሩን ዘጋሁና ስልኩን አነሣሁ። የእህቴን ቁጥር በቃሌ ነው የማውቀው፤ አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳልደውልበት እንዴት እንዳልረሳሁት እግዜር ይወቅ። አነሣችው። እኔ መሆኔን አውቃለች፣ ትንፋሿ ያስታውቃል፣ ግን «ማን ልበል?» አለችኝ።

«አምስት ነበሩ» አልኳት። «ያኔ የጻፍሽው። ሦስት አልነበረም፣ አምስት ነበር።»

ከበስተኋላዋ የሚነጥር ኳስ ይሰማኛል፤ ሌላ ልጅ እያሠለጠነች ነው።

«አምስት ድረስ ለመቁጠር» አለችኝ፣ «አሥራ ሦስት ዓመት ፈጀብሽ?»

ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።